«ተሐዋሲው አይንቀሳቀስም»፤ በማይክሮባዮሎጂ መግቢያ ትምህርት የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ በእነዚህ ገጾች ላይ አያሌ ጊዜ ተጽፏል። ከተጻፈውም አብዛኛው የባዕዱን ስያሜ ከታሰበለት የአማርኛ ወይም የግዕዝ ስያሜ ጋር ጎን ለጎን አቁሞ የሚመዝን ነው። ቃሉ ከዝርዝሩ ወጥቶ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ፣ ይልቁንም እጁ ሥራ በያዘ ሰው አፍ ሲነገር፣ ምን እንደሚሆን የመረመርንበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። እዚህ የምናቀርበው ሂስ ይህንኑ በአንድ ውሱን መስክ ላይ ለመሞከር የተጻፈ ነው።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነን አንድ መምሪያ ነው። በአንድ ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማይክሮባዮሎጂን መግቢያ የሚያስተምሩ መምህራን የቤተ ሙከራ መልመጃዎችን በአማርኛ አዘጋጅተው፣ በመጨረሻው ላይ የአቻ ቃላት ዝርዝር አክለው፣ አስተያየት እንድንሰጥበት ላኩልን። የኮሌጁ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህራኑም ይህን ለመለወጥ አላሰቡም። ያሳሰባቸው ሌላ ነው። ተማሪው በንግግሩ ክፍለ ጊዜ የሰማውን እንግሊዝኛ በቃሉ ይዞ ፈተና ያልፋል፤ ቤተ ሙከራ ሲገባ ግን ከጓደኛው ጋር የሚጠያየቀው፣ ከረዳቷ ትእዛዝ የሚቀበለው፣ ሲሳሳትም የሚገሠጸው በአማርኛ ነው፤ ያም አማርኛ ማንም ያላረመው፣ ማንም ያልመዘነው ነው። እኛም ዝርዝሩን ቢሮ ተቀምጠን ከማረም ይልቅ አንድ መንፈቅ ሙሉ ከተማሪዎቹ ጋር ሆነን ለማዳመጥ ወሰንን። በሳምንት ሁለት ጊዜ ንግግሩን፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ሙከራውን ሥራ ተከታተልን። በዕድሜ የወላጆቻቸው እኩዮች ስለ ሆንን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪዎቹ ብድግ እያሉ ወንበር ይለቁልን ነበር፤ ሲለምዱን ግን የመስተዋት ዕቃ ማጠብም ደረሰን።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። የዝርዝሩ አዘጋጆች ድካማቸውን ያዋሉት በስሞች ላይ ነው። ለባክቴሪያው ቅርጽ፣ ለክፍሎቹ፣ ለመሣሪያዎቹ፣ ለበሽታዎቹ ስም ተፈልጎላቸዋል። ግሦቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ያለ ምርመራ የገቡ ይመስላሉ። ቤተ ሙከራ ግን የግሥ ቦታ ነው። ተማሪው ይዘራል፣ ያቀልማል፣ ያጥባል፣ ያሞቃል፣ ይቆጥራል፣ ይጥላል። የዕቃው ስም ቢጠም ዕቃው ከፊቱ ተቀምጧልና ብዙ አይጎዳም፤ የድርጊቱ ስም ሲጠም የሚሳሳተው እጁ ነው።

ቢሆንም ከስሞቹ እንጀምር። ዝርዝሩ መሠረታዊ ስያሜ ያደረገው «ረቂቅ ተሐዋስያን» የሚለውን ነው። ይህ የአዘጋጆቹ ፈጠራ አይደለም፤ በመማሪያ መጻሕፍት፣ በሬዲዮና በጤና ትምህርት ሲነገር ብዙ ዘመን ኖሯል። ተሐዋሲ ከግዕዙ ተሐውሰ የወጣ ሲሆን የሚንቀሳቀስ፣ የሚነቃነቅ ማለት ነው። ታሪክም ስያሜውን ያግዘዋል። የዴልፍቱ ነዋሪ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1676 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በላከው ደብዳቤ በውሃ ውስጥ ያያቸውን ፍጥረታት ትናንሽ እንስሳት ያላቸው ሲንቀሳቀሱ አይቶ ነውና። ችግሩ ብቅ ያለው በአምስተኛው ሳምንት ነው። የሳምንቱ መልመጃ ባክቴሪያን በተንጠለጠለ ጠብታ ውስጥ በማይክሮስኮፕ እያዩ የሚንቀሳቀሰውን ከማይንቀሳቀሰው መለየት ነበር። ኤሸሪሺያ ኮላይ የሚዋኝባቸው ቀጫጭን ጭራዎች አሉት፤ ስታፊሎኮከስ ግን የሉትምና አይዋኝም። አንዱ ተማሪ የመምሪያውን ቃላት በታማኝነት ተከትሎ በደብተሩ ላይ «ተሐዋሲው አይንቀሳቀስም» ብሎ ጻፈ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ኖሮ፣ «ታዲያ በምኑ ተሐዋሲ ተባለ?» ብሎ ሳቀበት። ሳቁ ትክክል ነበር። የምርመራው ውጤት እውነት ሆኖ ሳለ ስያሜው ውሸት ያደርገዋል።

ከዚያው ጠብታ ውስጥ ሌላ ነገርም ተማርን። በውሃ ውስጥ ያለ ማንኛውም ደቃቅ ነገር፣ ሕይወት ይኑረው አይኑረው፣ የውሃው ሞለኪዩሎች ስለሚገፉት ባለበት ይርገበገባል፤ ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 ያስተዋለው ይህንን ነው። ጀማሪ ተማሪ ይህን መርገብገብ አይቶ ባክቴሪያው ይንቀሳቀሳል ብሎ ይጽፋል። ዝርዝሩ «እንቅስቃሴ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ስላለው ከዚህ ስሕተት አያድነውም፤ ግዕዙ ተሐውሰም ሁለቱንም ያቅፋል። የቤተ ሙከራው ረዳት አንዲቷን ተማሪ ስታርማት ያለችው ግን ይህ ነው፦ «እሱ ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሄድም፤ የሚሄደውን ፈልጊ።» ይንቀጠቀጣልና ይሄዳል፤ ሁለት ግሦች፣ ሁለቱም ማንም የሚያውቃቸው፣ መልመጃው የሚፈልገውን ልዩነት ያለ ትርፍ ቃል የሚሰጡ። ይህችን ዐረፍተ ነገር በደብተራችን ላይ አሰመርንባት።

«ረቂቅ» የሚለውም ቅጽል ሳይመረመር አላለፈም። በትምህርተ ሃይማኖት ረቂቅ የግዙፍ ተቃራኒ ነው፤ መላእክት ረቂቃን ናቸው፣ ሥጋ ግዙፍ ነው። በዚህ አነጋገር ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ያህል የሆነ፣ ክብደት ያለው፣ ቀለም የሚቀበል ባክቴሪያ ግዙፍ እንጂ ረቂቅ ሊባል አይችልም። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ ረቂቅ ገና ያልጸደቀ ጽሑፍ ነው። አንዳንዶች የሚመርጡት «ደቂቅ ዘአካላት» ከዚህ ይሻላል ለማለት ያስቸግራል፤ ደቂቅ ጥቃቅን እንደ ማለት ሁሉ ልጆች ማለትም ነውና፣ የደቂቀ እስጢፋኖስን ታሪክ ያነበበ ሰው ሐረጉን የአካላት ልጆች ብሎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም። ሴልን «ሕዋስ» ማለታችንም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የስሜት ሕዋሳት አምስት ናቸው ብሎ የተማረ ልጅ፣ በኋላ በአንድ ሰው አካል ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሕዋሳት አሉ ሲባል ግራ መጋባቱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ላይ ጦር መስበቅ አያስፈልግም ባዮች ነን። ሕዋስ በአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ተተክሏል፤ ረቂቅ ተሐዋስያንም በሕዝብ ጆሮ ገብቷል። ለአጠቃላይ መጠሪያነት ይቆዩ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ከአጠቃላዩ ስም ይልቅ የነገሩ ስም ይጻፍ። ባክቴሪያ፣ ፈንገስ፣ ቫይረስ ከገቡ ቆይተዋል፤ ሻጋታ ደግሞ ከጥንት የእኛው ነው። «ባክቴሪያው አይሄድም» ያለ ተማሪ ሊሳቅበት አይችልም። በዚህ አጋጣሚ በ1989 ዓ.ም. ለታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ያለብንን ውለታ እናስታውሳለን፤ ያ ሥራ ባይኖር ኖሮ እንዲህ የምንከራከርበት መሠረት አይኖረንም ነበር።

አሁን ወደ መረቁ እንግባ። ባክቴሪያ የሚራባበትን ምግብ መምሪያው «መካነ ርባታ» ብሎታል። ግዕዙ ምንም ነቀፌታ የለበትም፤ መካን ቦታ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ሕይወት ካለው ነገር ሁሉ የጸዳ ለማለት «የመከነ» የሚለውን ይዟል። በሦስተኛው መልመጃ ላይ ሁለቱ ተገናኙና «የመከነውን መካነ ርባታ በሳህኑ ላይ አፍስሱ» የሚል ትእዛዝ ተወለደ። መካን የተባለው ቦታ ከኮነ፣ መካን የተባለችው ሴት ከመከነ መምጣታቸውን እኛ የሰዋስው ሰዎች እናውቃለን፤ የ19 ዓመት ተማሪ ጋዝ እሳት አጠገብ ቆሞ ይህን እንዲለይ መጠበቅ ግን ግፍ ነው። ረዳቷ መረቅ ትለው ነበር። ፈሳሹን መረቅ፣ በሳህን ላይ የቆመውን ደግሞ «የረጋው»። «ሳይረጋ አታንቀሳቅሱት» ስትል ወተት ያረጋች ሴት ሁሉ የምትለውን ነው ያለችው።

ማርጊያውን መምሪያው «አጋር» ይለዋል። ቃሉ ከማላይ ቋንቋ የመጣ፣ በየአገሩ ሳይለወጥ የሚነገር ስለ ሆነ መለወጥ አይገባውም። ሆኖም በአማርኛ አጋር ረዳትና ወዳጅ ነውና «ባክቴሪያው አጋር ካላገኘ ለይቶ ማየት አይቻልም» የሚለው የመምሪያው ዐረፍተ ነገር ተማሪዎቹን ለብዙ ቀን ሲያስቃቸው ከረመ። አንድ ቅጥያ ይበቃል፤ «የአጋር ዱቄት» ቢባል ይለያል። ስለዚሁ ዱቄት በንግግሩ ክፍለ ጊዜ የሰማነውን ታሪክ ሳንጠቅስ ብናልፍ ደስ አይለንም። ሮበርት ኮህና ባልደረቦቹ ባክቴሪያን በጠጣር ነገር ላይ ለማራባት መጀመሪያ የተጠቀሙት በጄላቲን ነበር። ጄላቲን ግን ባክቴሪያ በሚወደው 37 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ይበሉታል። አጋሩን እ.ኤ.አ. በ1881 ገደማ ያመለከተችው የተመራማሪው የቫልተር ሄሰ ባለቤት ፋኒ ሄሰ ናት፤ እርሷም ያወቀችው ከማእድ ቤት፣ ፍራፍሬ ለማርጋት ስትጠቀምበት ነው። እንግዲህ ይህ ሳይንስ ራሱ ከማእድ ቤት ሲበደር አላፈረም፤ የእኛ ዝርዝር ግን ከግዕዝ መዝገብ በቀር የሚያንኳኳው በር ያለ አይመስልም።

ከማእድ ቤት ስንበደር ደግሞ ዓይናችንን ገልጠን መሆን ይገባዋል። መምህሩ በእንግሊዝኛ ንግግራቸው መካከል የባክቴሪያ ካልቸር ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት «እርሾ ማለት እኮ ነው» ብለው አንድ የአማርኛ ቃል ጣል አደረጉ፤ የክፍሉ ግማሽ ፊት ወዲያው በራ። (ዝርዝሩ ለዚህ ያስቀመጠው «ባሕል» የሚል ነው። ያን ቃል የጻፈው ሰው በማግስቱ እንደ ተጸጸተ እርግጠኞች ነን፤ ከዚያ በላይ አንልም።) ምሳሌው ብዙ ያስረዳል፤ እርሾ ከባለፈው ቡኮ ተቀንሶ ወደሚቀጥለው የሚተላለፍ ሕያው ዘር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ስለ ንጹሕ ካልቸር ሲነገር ሌላ ፈተና መጣ። አንዲት ተማሪ «ንጹሕ እርሾ» ስትል የተጠለለ፣ ጉድፍ የሌለበት እርሾ ማለቷ ነበር። የጤፍ ቡኮ እርሾ የቱንም ያህል ቢጠለል ብዙ ዓይነት እርሾዎችና ባክቴሪያዎች በአንድነት የሚኖሩበት ነው፤ ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በቡኮው ውስጥ ያላቸውን ድርሻ አሳይተዋል። በቤተ ሙከራ ንጹሕ የሚባለው ግን ከአንድ ዓይነት በቀር ሌላ የሌለበት ነው። ስለዚህ እርሾን ለማስረጃ እንጂ ለስያሜ አንመርጠውም። ለካልቸር «ዘር»፣ ለንጹሑ «ነጠላ ዘር» ብንል፣ ድርጊቱም «መዝራት» ይሆንልናል።

መዝራትን የምናነሣው በምክንያት ነው። ዝርዝሩ ለዚህ ድርጊት «መክተብ» የሚል ግሥ አለው። እንግሊዝኛው ለክትባትም፣ ባክቴሪያን በመረቅ ውስጥ ለማስገባትም አንድ ግሥ ስላለው አዘጋጆቹ ተከትለውታል። በአማርኛ ግን የሚከተበው ሕፃን ነው፤ ከተበ ሲባል የሚያስበው ሰው ጥበቃን ያስባል። «መረቁን በባክቴሪያ ክተቡ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ መረቁ ከባክቴሪያ እንዲጠበቅ የታዘዘ ቢመስለው ምን ይደንቃል? በሽቦ ቀለበት ሳህኑ ላይ መስመር እያወጡ መዝራትንም ረዳቷ «መጫር» ትለዋለች፤ «ቀለበቱን አግለሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ጫሪው።» ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

በተጫረው ሳህን ላይ በማግስቱ የሚታዩትን ክብ ክብ ነገሮች ዝርዝሩ «ቅኝ ግዛት» ሳይላቸው «ኮሎኒ» ብሎ መተዉ የሚያስመሰግነው ነው። ተማሪዎቹ በመካከላቸው «ችፍ ብሏል» ይላሉ፤ በቆዳ ላይ እንደሚወጣው ችፍታ ማለታቸው ነው። አባባሉ ሕያው ነው፤ እኛም ለጊዜው ልናጸድቀው ዳድቶን ነበር። ነገር ግን ሥራው መቁጠርን ይጠይቃል። የተማሪዎቹ አንድ ቡድን መረቁን አሥር አሥር እጥፍ እያቀጠነ አምስተኛው ላይ ደርሶ፣ ከዚያ 0.1 ሚሊ ሊትር ዘርቶ፣ 42 አገኘ፤ ይህም በመጀመሪያው መረቅ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 42 ሚሊዮን ያህል ነበር ማለት ነው። ችፍታ አይቆጠርም፤ ኮሎኒ ይቆጠራል። ስለዚህ ስሙ ኮሎኒ፣ ግሡ ችፍ አለ፤ ሁለቱም በየቦታቸው ይኑሩ። አማርኛ የባዕድ ስም ሲዋስ አይቸገርም፤ የባዕድ ግሥ ሲዋስ ግን «አደረገ»ን ተከራይቶ «ኢኖኩሌት አደረግሁ» ወደ ማለት ይሄዳል። ሁሉንም በእንግሊዝኛው እንተወው የሚሉ የሙያ ጓደኞቻችን ይህን ልዩነት ቢያጤኑልን እንወዳለን።

ስለ መራባት ከተነሣ፣ መምሪያው «የባክቴሪያ እድገት» እያለ መጻፉ በፈተና ላይ ዋጋ አስከፍሏል። በአማርኛ አደገ ሲባል አንዱ ግለሰብ ትልቅ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ሳይንስ ግን የሚባለው ቁጥሩ በዛ ነው። ኤሸሪሺያ ኮላይ ከተመቸው በ20 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግን ያው ጥንት የነበረውን ያህል ነው። «የእድገትን ደረጃዎች አብራሩ» ለሚለው ጥያቄ አንድ ተማሪ ባክቴሪያው ከሕፃንነት እስከ እርጅና የሚያልፍበትን ጻፈ። መባዛት ብንለው የሒሳቡንም የማባዣውንም ትርጉም ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ሁለት ቅጂ ይሆናልና ሁለቱም እዚህ እውነት ናቸው።

በግራም ማቅለሚያ ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን። ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመው ዘዴ እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የመጀመሪያ ነው። ባክቴሪያው በክሪስታል ቫዮሌት ይቀለማል፣ አዮዲን ይጨመርበታል፣ በአልኮል ይታጠባል፣ በመጨረሻም በሳፍራኒን ይቀለማል። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ሐምራዊውን ቀለም ይዞ ይቀራል፤ ስስ የሆነው ቀለሙን ለአልኮሉ ይለቅና የሳፍራኒኑን ቀይ ይወስዳል። ዝርዝሩ አንደኛውን «ግራም አዎንታዊ»፣ ሁለተኛውን «ግራም አሉታዊ» ብሏል። ግራም የሰው ስም መሆኑን ያልሰማ ተማሪ ሚዛን ያስባል፤ አሉታዊ ግራም ደግሞ በየትኛውም ሚዛን አይመዘንም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ነገሩን በትክክል የሚገልጸው ግሥ በየቤታችን መኖሩ ነው። ጨርቅ ገዝታ የምታጥብ ሴት «ቀለሙ ይለቃል» ወይም «አይለቅም» ትላለች። ግራም ያደረገው ይህንኑ ፈተና ነው። «ቀለም ያዥ» እና «ቀለም ለቃቂ» ቢባል ተማሪው ስያሜውን ሲናገር ምክንያቱንም አብሮ ይናገራል። የሳንባ ነቀርሳ ባሲለስ በሚመረመርበት የዚል-ኔልሰን ዘዴ ደግሞ ቀለሙን አሲድ እንኳ አያስለቅቀውምና «በአሲድ የማይለቅ» ብለን በዚያው ግሥ ለመቀጠል እንችላለን። ይህን ሐሳብ ለመምህሩ ስናቀርብላቸው፣ ሆስፒታል ሄደው የሚያገኙት ወረቀት «ግራም ኔጋቲቭ» ብሎ እንደሚጽፍ አስታወሱን። እውነታቸውን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ይቆይ፤ ሲብራራ ግን በለቀቀና በያዘ ይብራራ።

ወደ ዋናው ጭንቀታችን ደረስን። በአማርኛ ፈላ ሁለት ነገር ነው፦ በእሳት ላይ ያለ ውሃ ይፈላል፣ በጋን ውስጥ ያለ ጠጅም ይፈላል። በማእድ ቤት ሁለቱን ማንም አይሳሳታቸውም፤ ውሃውና ጠጁ ይለያሉና። በማይክሮባዮሎጂ ግን አንደኛው ሕይወትን የሚያጠፋ ሙቀት ነው፤ ሁለተኛው የሕይወት ሥራ ነው። መምሪያው በስኳር መልመጃ ላይ «ስኳሩ ሲፈላ ቀዩ መረቅ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ በትንሿ ቱቦም ጋዝ ይታያል» ይላል። አንዲት ተማሪ ቱቦውን ይዛ ወደ እሳቱ ስትሄድ ረዳቷ ደርሳ እጇን ያዘቻት። ተማሪዋ ያነበበችውን ነው የፈጸመችው፤ ጥፋቱ የቃሉ ነው። ሰዎች ስለ ድፍድፍ «ተብላላ» ይላሉ፤ ይህን ለዚያ፣ ማፍላትን ለእሳት ብቻ ብንተው ጉዳዩ ያልቃል።

ማፍላትና ማምከንስ? ዝርዝሩ ማምከንን «በሙቀት ማጽዳት» ብሎ ፈትቶታል። ተማሪ በሙቀት ማጽዳት ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ማፍላት። ውሃ ደግሞ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ማለትም በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለመጠጥ ይበቃል። ነገር ግን ባሲለስ ሰብቲሊስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ሲጨንቃቸው በውስጣቸው የሚሠሩት ጠንካራ ቅርፊት ያለው አካል አለ፤ ፈርዲናንድ ኮን እ.ኤ.አ. በ1876 የገለጠው ነው፤ እርሱ በፈላ ውሃ አይሞትም። (ዝርዝሩ ይህን አካል «ዘር» ማለቱም ስሕተት ነው፤ አንዱ ባክቴሪያ አንድ ብቻ ነው የሚሠራው፣ አይበዛበትም፤ መሸሸጊያው ነው እንጂ ዘሩ አይደለም። ስፖር ተብሎ ቢቀር ይሻላል።) ለዚህ ነው ኦቶክሌቭ በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ላይ የሚደርሰው፤ በትናንሽ ዕቃ ያለ መረቅ በዚያ ሙቀት 15 ደቂቃ ይቆያል። መረቁን አፍልተው «አመከንን» ያሉ ተማሪዎች በማግስቱ ደፍርሶ ሲያገኙት ያመካኙት በረዳቷ ላይ ነበር።

ለማምከን ሌላም ጠባይ አለው። መከነ ሲባል ሳይሞት መውለድ የተሳነው ነው። «መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ያመክናል» ቢባል አንባቢው ባክቴሪያው በሕይወት እያለ መባዛቱ ቆመ ብሎ ይረዳል፤ መባዛትን የሚገቱና የሚገድሉ መድኃኒቶች በዚህ ትምህርት ተለይተው የሚሰጡ ስለ ሆኑ ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ቃሉን መጣል ግን አያስፈልግም፤ በየሆስፒታሉ ይሠራበታል። ተሳቢውን መወሰን ይበቃል። የሚመክነው ዕቃው፣ መረቁ፣ ሳህኑ ነው፤ ባክቴሪያው ይሞታል ወይም መባዛቱ ይገታል። መዝገበ ቃላት ለግሥ ፍቺ ሲሰጥ ምን ምን ነገር ተሳቢ እንደሚሆንለት ሊጽፍ ይገባል ስንል የቆየነው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለ በሽታዎቹ ስሞች የምንለው ጥቂት ነው። አባሰንጋ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ ያለ ክርክር የገቡ ናቸው። «ተስቦ» ብቻ ይታረም፤ ቅማል የሚያስተላልፈውና በምግብና በውሃ የሚተላለፈው በአንድ ስም ተጽፈዋል። ሁለተኛውን ሰው የአንጀት ተስቦ ይለዋልና ያንኑ መጻፍ ነው፤ አንደኛውን ለመከላከል ልብስ ይቀቀላል፣ ሁለተኛውን ለመከላከል እጅ ይታጠባል።

በመንፈቁ የመጨረሻ ቀን ቤተ ሙከራው ይጸዳ ነበር። የመምሪያው የመጨረሻ ትእዛዝ «የባሕሎቹን ሳህኖች አምክናችሁ ድፉ» የሚል ነው። አንድ ቡድን ሳህኖቹን ሰብስቦ የፈላ ውሃ አፈሰሰባቸውና ወደ ቆሻሻው በርሜል ወሰዳቸው። በሳህኖቹ ላይ የነበረው ባሲለስ ሰብቲሊስ ሰውን እምብዛም የማይጎዳ በመሆኑ ነገሩ በተግሣጽ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚዘራ እኛ አናውቅም፤ ስለዚህ ከሌሎቹ እርማቶቻችን ሁሉ አስቀድመን ይህችን ዐረፍተ ነገር ለመምህራኑ ልከንላቸዋል፦ «የተዘራባቸውን ሳህኖች አትክፈቱ፣ የፈላ ውሃም አታፍስሱባቸው፤ እንደ ተዘጉ ለረዳቷ አስረክቡ፤ በኦቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሳይመክኑ ከዚህ ክፍል አይወጡም።»